አዳማ ተቀምጦ ቢሾፍቱ፣ አሰላና ሀዋሳ ኤሮቢክስ ማስተማር እንዴት ይያዛል?

የአዳማዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዳማ ላይ ጠዋት ጠዋት የዳንስ ኤሮቢክስ አስተምራለሁ። አሁን ቢሾፍቱና አሰላ ያሉ ጂሞች በሳምንቱ መሃል፣ ሀዋሳ ያለ አንድ ጂም ደግሞ ቅዳሜ እንድሠራላቸው ጠይቀውኛል። መኪና የለኝም፤ የምጓዘው በሚኒባስና በአውቶቡስ ነው። ሥራውን የምታውቁት እስቲ አንድ በሉኝ።

በአገራችን ዘፈን ስሠራ በስምንት የምቆጥረው መሃል ላይ ይፈርሳል። የተማሪዎቹ ጭብጨባ ሌላ፣ እግራቸው ሌላ ይሆናል። ለምንድን ነው? ከመንገድ ወርዶ ወዲያው ክፍል መግባትስ ለጉልበትና ለቅልጥም እንዴት ነው? ስፒከር ይዞ መሄድ ይሻላል ወይስ ጂሙ ባለው መሥራት? ክፍያው በክፍል ይሁን በተማሪ ቁጥር?

ከበሮ ምት፦

የመጀመሪያውን እኔ ልያዘው። የውጭ ኤሮቢክስ ሙዚቃ ሲሠራ ጀምሮ ስምንት አራት ጊዜ ሞልቶ 32 ላይ እንዲዘጋ ተደርጎ ነው። ችክችካ፣ ብዙው የአገራችን ዘፈን የሚሄድበት ምት፣ ግን 6/8 ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉ፤ ከበሮው ከበድ የሚለው 1 እና 4 ላይ ነው። እግር 1 እና 4 ላይ ይውረድ፣ ትከሻ ስድስቱንም ይውሰድ። ስድስቱን በእግሩ ለመርገጥ የሞከረ ተማሪ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

ጭብጨባና እግር የሚለያዩበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ቻ ቻ ቻን የመሰለ፣ በአንድ ምት ውስጥ ሁለት እርምጃ የሚፈልግ እንቅስቃሴ 6/8 ላይ አይቀመጥም፤ ምቱ የሚከፈለው ለሦስት ነዋ። ከላቲን ሙዚቃ የተማርሽውን እንዳለ አምጥተሽ ችክችካ ላይ ከጫንሽው ተማሪው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። ቀላል የጎን እርምጃ፣ ጉልበት ማንሳት፣ ተረከዝ ማስነካት፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ወደ ጎን መሄድ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ችግር ይገባሉ።

ከዚያ የዘፈኑ አወቃቀር አለ። አዝማቹና ግጥሙ እኩል ርዝመት ላይኖራቸው ይችላል፤ መሃል ላይ ማሲንቆ ወይም ሳክስፎን ገብቶ ጥቂት ዙር ይጨምራል። ስለዚህ 32ን እርሺውና ዘፈኑን እየሰማሽ ወረቀት ላይ አውርጂው፦ መግቢያ 8 ዙር፣ አዝማች 8፣ ግጥም 12፣ መሣሪያ 6፣ አዝማች 8፣ እንዲህ እያልሽ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ እንቅስቃሴ ብቻ መድቢ። አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ያው እንቅስቃሴ ይመለሳል፤ ተማሪው በሦስተኛው ላይ ያለ ትእዛዝ ራሱ ይገባበታል።

ፍጥነት ለመለካት የእግር ምቱን 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 አባዢው። 30 ካገኘሽ በደቂቃ 120 ነው። ለማሟሟቂያ ከ115 እስከ 125፣ ለዋናው ክፍል ከ125 እስከ 145፣ ለማብረጃ ከ100 በታች ይበቃል። ጉራጊኛ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ጀማሪ ካለ እግሩን በግማሽ ፍጥነት አስኪጂውና ጭብጨባው ሙሉውን ይሂድ፤ ድምቀቱ አይጠፋም፣ ቁርጭምጭሚትም አይጠመዘዝም። እንዲሁም የኛ ዘፈኖች ረጃጅም ናቸው፤ 5 ደቂቃ የሚያልፈው ብዙ ስለሆነ ለ60 ደቂቃ 10 ወይም 11 ዘፈን ይበቃሻል። 14 ደርድረሽ ከሄድሽ ማብረጃው ይቆረጣል። ሰው ደግሞ ላቡ ሳይደርቅ ባጃጅ ላይ ይወጣል።

ስለ ቅደም ተከተሉ፦ በትግርኛው ክብ እየዞሩ መራመድ ለማሟሟቂያ የተመቸ ነው። ወላይትኛው ቀጥሎ ይምጣ፤ ዳሌው በጉልበት እጥፋት ይዙር እንጂ በወገብ አይጠምዘዝ። ጉራጊኛው ሰውነት በደንብ ከሞቀ በኋላ መሃል ላይ ይግባ፤ 30 ሰከንድ ዝላይ፣ 60 ሰከንድ ዝቅ ያለ እርምጃ እያፈራረቁ። እስክስታ የልብ ምት ትንሽ እንዲወርድ ስትፈልጊ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ያልለመደ ሰው አገጩን ወደ ፊት ያወጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ወገቡን ይቆለምማል። መጀመሪያ ቀኝና ግራ ትከሻ በየተራ በዝግታ፣ ጉልበት ላላ ብሎ፣ አየር በአፍ እየወጣ። ከ40 ሰከንድ በላይ አታቆዪው። የሐረሩን ሸጎዬ ካመጣሽ የአንገቱን እንቅስቃሴ አሳንሺው፤ ደም ግፊት ወይም የአንገት ችግር ያለበት ሰው በእግሩ ብቻ ይሥራ።

ትእዛዝ ሁልጊዜ እንቅስቃሴው ከመለወጡ 4 ምት ቀደም ብሎ ይሰጥ። ፊትሽን ወደ ተማሪ ካዞርሽ «ቀኝ» ስትዪ ግራሽ ይንቀሳቀስ።

ቅልጥም፦

ስለ ሰውነቱ እኔ ልበል፤ ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ታጥፎ የተቀመጠ ሰው የጭኑ ፊት ለፊትና የዳሌው መታጠፊያ ያጥራል፣ መቀመጫው ይፈዛል። በዚያ ሁኔታ ጉልበት ከፍ አድርጎ መዝለል ከተጀመረ ጭነቱ ወደ ወገብና ወደ ጉልበት ፊት ይሄዳል። መፍትሔው ረጅም መሳሳብ አይደለም፤ እሱን ለማታ ተዪው። ከመኪና እንደወረድሽ 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ 10 ጊዜ ወደ ፊት ሰፊ እርምጃ እየወጡ መመለስ፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ 15 ጊዜ ተረከዝ ማንሳት። መናኸሪያው ለጂሙ ቅርብ ከሆነ ባጃጁን ተዪውና በእግርሽ ሂጂ፣ ያው ማሟሟቂያ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ የጥጉን መቀመጫ ለሌላ ትተሽ መተላለፊያው በኩል ተቀመጪ፤ እግር ይዘረጋል፣ ቁርጭምጭሚት በየግማሽ ሰዓቱ ይንቀሳቀሳል።

ብዙ ተጓዥ አሰልጣኝ የሚጎዳው በውሃ ነው። መንገድ ላይ ሽንት ቤት እንዳይቸግር ብለው ሳይጠጡ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በአዳማ ወይም በባቱ ሙቀት ደርቀው ክፍል ይገባሉ፤ ባታቸው ሲጨመደድ «ማግኒዚየም አነሰኝ» ይላሉ። ከጉዞው ሁለት ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ጠጪ፣ መንገድ ላይ ጉንጭ ጉንጭ፣ ከወረድሽ በኋላ ደግሞ አንድ ብርጭቆ። በላብ የተጠመቀ ሰው ንጹሕ ውሃ ብቻ እየጋተ ጨው ሳይተካ መቀጠል የለበትም። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ። ጨው በዓይን አይለካም፤ ከበዛ ጉዳት ነው።

ቅልጥም ላይ፦ በውስጥ በኩል አጥንቱን ተከትሎ ሰፋ ብሎ የሚያም ሕመም ብዙውን ጊዜ ዝላይ በአንድ ጊዜ ከመብዛቱ ይመጣል፤ ዝላዩን ለሁለት ሳምንት ቀንሶ ባትን ማጠንከር ያግዛል፣ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት 15 ጊዜ በ3 ዙር። በአንድ ጣት የሚጠቆም ነጥብ ላይ የሚያም፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ በአንድ እግር ሲዘለል የሚወጋ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሳያይ ክፍል የለም።

አሰልጣኝ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ደግሞ አለ። ሁልጊዜ በአንድ እግር ይጀምራሉ። ተማሪው በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ስለሚሠራ አይጎዳም፤ አስተማሪዋ ግን በዚያው እግር በየቀኑ ትነሳለች፣ ወራት ሲያልፉ የአንዱ ወገን ዳሌ ይጠነክራል ሌላው ይለግማል። አንዱን ሳምንት በቀኝ፣ ቀጣዩን በግራ ጀምሪ። በቀን ሁለት ክፍል ካለሽ በሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ስምንት ብቻ በሙሉ ጉልበት አሳዪ፣ የቀረውን በእጅና በድምፅ ምሪ። ተማሪ የሚከፍለው ለራሱ ላብ ነው።

አሰላን በተለይ አስቢበት። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ነው፤ አሰላ ከ2,400 ያልፋል። 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደሽ 700 ሜትር ወጣሽ ማለት ነው። የአሰላ ሰው ለምዶታል፣ የምትቸገሪው አንቺ ነሽ፤ እየዘለልሽ ትእዛዝ መስጠት ትንፋሽ ያሳጥራል። እዚያ ዝላይ በሚበዛባቸው ዘፈኖች ላይ ተማሪ መሃል እየገባሽ በእጅ ምሪ። አሰላ ቀዝቃዛም ስለሆነ ማሟሟቂያው ከ8 ወደ 12 ደቂቃ ይርዘም።

ስም ይጠንቀቅ፦

አጭር ነገር። ማስታወቂያ ላይ «ዙምባ» ብለሽ አትጻፊ፤ የተመዘገበ የንግድ ስም ነው፣ በስሙ ማስተማር የሚችለው ሥልጠናውን ወስዶ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። «ዳንስ ኤሮቢክስ» ወይም «ዳንስ ፊትነስ» በቂ ነው። በጉራጊኛና በወላይትኛ የተሞላ ክፍል ደግሞ ለምን በኮሎምቢያ ስም ይጠራ።

የሐይቅ ዳር፦

ከሀዋሳ ነኝ። ለቅዳሜው ስትመጪ አዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግሽም፤ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሀዋሳ ነው። ከሞጆ ሀዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ስታዪው አጭር ይመስላል፤ ቀጥታ መኪና አጥተሽ ሞጆና ሻሸመኔ ላይ ከቀየርሽ ግን በየመናኸሪያው እስኪሞላ መጠበቅ አለ፣ በአሮጌው መንገድ የሚሄደው ደግሞ በየከተማው ያወርዳል ይጭናል። ግማሽ ቀን አድርገሽ ያዢው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ቅዳሜ ጠዋት ማስተማር የሚባል ነገር የለም፤ ዓርብ ከሰዓት ግቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል፣ ከሰዓት 10 ሰዓት አንድ ክፍል፣ እሁድ ጠዋት ውጪ። ማታ አትጓዢ። ከባቱ ወዲህ ጋሪ፣ ከብት፣ መብራት የሌለው ባጃጅ መንገድ ላይ አለ።

የበዓል ቀናትን ካላንደርሽ ላይ አስቀድመሽ ምልክት አድርጊ። ኢሬቻ ሲሆን የቢሾፍቱ መንገድ ይዘጋጋል፤ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ሰው በአዳማ ስለሚያልፍ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ያቀናል፤ ጨምበላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሲሆን ሀዋሳ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ዙሪያ ሰው ነው፣ አልጋም አይገኝም። የጨምበላላ ቀን በሲዳማ አባቶች ስለሚወሰን በየዓመቱ ጠይቂ። በእነዚህ ቀናት ክፍል አለ ብለሽ ገንዘብ አትቀበዪ።

እዚህ ከቤት ውጭ ሐይቅ ዳር ማስተማር ይጠየቃል፣ ያምራልም። ጠዋት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሁን። ሲመሽ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፣ ቢንቢም ይጀምራል፤ ወባ ያለበት አገር ነው። ሣሩ ላይ መሽከርከር የለም፣ ጫማ ሣር ይይዝና ጉልበት ብቻውን ይዞራል።

የአዳማዋ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ከጂሞቹ የአንዱ ወለል ሴራሚክ ነው፣ የሌላው ባዶ ሲሚንቶ። መብራትም ይቆራረጣል። ሩጫ ጫማ ይሆናል? ስፒከሩን ሚኒባስ ላይ ማስጫን አያበላሸውም?

ቅልጥም፦

ሩጫ ጫማ ወደ ፊት ለመሄድ ተሠርቶ ወደ ጎን ስትረግጪ ይገለበጣል፤ ተረከዙ ወፍራም ነው፣ ሶሉም ይነክሳል። መረብ ኳስ ወይም የቤት ውስጥ ኳስ ጫማ ይሻላል፦ ሶሉ ዝቅ ያለ፣ ጎኑ የሚደግፍ። ያን ጫማ ውጭ አትርገጪበት። አሸዋ ከያዘ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። ሴራሚክ በላብ ሲረጥብ በረዶ ነው፣ በየ15 ደቂቃው የውሃ መጠጫ እረፍት ስትሰጪ አንድ ሰው በመወልወያ ይለፍበት። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ዝላዩን በግማሽ ቀንሺ፣ ዝላይ በሚቀረው ቦታ ክንድ ከፍ ብሎ ይሥራ፤ የልብ ምት በክንድም ይወጣል። በሁለቱም ላይ መሽከርከር ካለ ተረከዝ ተነስቶ በእግር ፊት ይዙር።

ሳውንድ ቼክ፦

ስፒከር ይዘሽ ሂጂ፤ ግን ትንሽ። በጂሙ ስፒከር ብትመኪ አንዱ ጋ ገመዱ የለም፣ አንዱ ጋ አንዱ ጎን ተቃጥሏል። ለ20 ሰው ባለ 160 ዋት፣ ባትሪው የራሱ የሆነ ስፒከር ይበቃል። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ፀሐይ ባትሪውን ይገላል፣ አቧራና ንቅናቄ ደግሞ ድምፅ የሚያወጣውን ኮን። ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ወደ መቀመጫው ዞሮ። የጭነቱን ዋጋ ከመጫንሽ በፊት ከረዳቱ ጋር ተስማሚ፣ ከወረድሽ በኋላ ድርድር የለም። በጀርባ ከተሸከምሽው በሁለት ትከሻ ይሁን።

ሙዚቃው ስልክሽ ላይ ይጫን፣ በኢንተርኔት አትመኪ። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው፤ ካልሆነ ጉራጊኛው በጋለበት ሰዓት የሆነ ሰው ይደውልና ስፒከሩ ላይ ይጮሃል። ብሉቱዝ ካለ ገመድም ያዢ፣ ስልኩ ስትርቂው ድምፁ ይቆራረጣልና። መብራት ከጠፋ ቻርጀሩን ወዲያው ንቀዪ፤ የሚያቃጥለው ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው። ስፒከሩን ማታ ሙሉ በሙሉ ሞልተሽ እደሪ፣ ክፍሉን በባትሪ ሥሪ።

ማይክ የጭንቅላቱ ይሁን። ላብ ነው የሚገድለው፦ የአፉን ስፖንጅ በየክፍሉ ቀይሪ፣ ማስተላለፊያውን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልለሽ ወገብሽ ላይ እሰሪ፣ መጠባበቂያ ባትሪ ይኑር። ከስፒከሩ ፊት ከቆምሽ ይጮሃል፣ ስፒከሩን ከፊትሽ በጎን አስቀምጪ። የድምፅ መጠን በስልክ መለኪያ እይው፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚቻል ሲሆን በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በቀን ሦስት ክፍል የምታስተምር ሰው ከ88 ባታልፍ ለጆሮዋ ይበጃል። መኪና ውስጥም በሞተር ድምፅ ላይ እየጮሁ ማውራት ጉሮሮ ያደክማል፣ ከክፍል በፊት ዝም ማለት ይሻላል።

ሂሳብ ሹም፦

ክፍያውን ማንም አልነካውም። በተማሪ ቁጥር ብቻ አትስማሚ፤ ዝናብ በጣለ ቀን መንገዱን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ዝቅተኛ የተቆረጠ ክፍያ ይኑር፣ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ለሚመጣው ተማሪ ጭማሪ ይጨመርበት። ትርፉን ስታሰሊ በክፍሉ ሰዓት አትካፈዪ። ለምሳሌ ጂሙ 2,000 ብር ከፈለ እንበል፤ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት 500፣ ምግብ 300 ከወጣ 1,200 ይቀራል። ከቤት ወጥተሽ እስክትመለሺ 6 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 200 ነው። እዚያው ቀን ሁለተኛ ክፍል ብትጨምሪና 1,500 ቢከፍሉ ጊዜው 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ በሰዓት 360 ይገባል። ለአንድ ክፍል ብቻ ከተማ አቋርጦ መሄድ ብዙ ጊዜ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ለአሰላም ለቢሾፍቱም ሁለት ተከታታይ ክፍል ጠይቂ፣ አንዱ ለጀማሪ ይሁን።

አዳራሽ ተከራይተሽ ከሆነ ደግሞ ቦታውን ቁጠሪ። ለአንድ ሰው 2 በ2 ሜትር፣ 4 ካሬ ነው። 8 በ10 የሆነ አዳራሽ 80 ካሬ ነው፤ ለአንቺና ለስፒከሩ ከፊት 2 ሜትር ስታወጪ 64 ይቀራል፣ 16 ሰው። 25 ብታስገቢ ክንድ ለክንድ ይጋጫሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት 12 ይመጣሉ።

ከበሮ ምት፦

ሂሳቡ ላይ እስማማለሁ፣ ለጀማሪ የሚለው ላይ ግን ትንሽ። ሁለተኛው ክፍል ላይ አስተማሪዋ ስለሚደክማት ጀማሪውን መጨረሻ ላይ የማድረግ ልማድ አለ። ጀማሪ የበለጠ ማሳየት ይፈልጋል፣ ነባሩ በቃል ይመራል። ጀማሪው ይቅደም።

ለአራቱም ከተማ ደግሞ የተለያየ ዝርዝር አትሥሪ። ለአንድ ወር አንድ ዝርዝር ይዙር፣ በየሳምንቱ ሁለት ዘፈን ብቻ ይቀየር።

የሐይቅ ዳር፦

ጾምም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የማይበሉ ተማሪዎች ስለሚኖሩ የ10 ሰዓቱን ክፍል ወደ 12 ግፊው፤ በልተው ሁለት ሰዓት ይለፋቸው። በረመዳን ቀን ላይ ዝላይ አይሆንም፤ ወይ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ቀለል ያለ፣ ወይ ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት በኋላ። ስኳር ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይበላ እንዳይሠራ በር ላይ ጠይቂ፤ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የአስም፣ የእርግዝናና የቅርብ ጊዜ ቀዶ ጥገና ጥያቄም መመዝገቢያው ወረቀት ላይ ይኑር። መሃል ላይ ደግሞ መለኪያው ቀላል ነው፦ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ደህና ነው፣ አብሮ ከዘፈነ ፍጥነቱ አንሶታል፣ ቃል ካልወጣው አስቁመሽ አራምጂው። ደረቴን ያለ ሰው ካለ ሙዚቃው ይቆማል፣ ተቀምጦ ወደ ሐኪም ይሄዳል። የአምቡላንስ ቁጥር የሁሉም ከተማ ስልክሽ ላይ ይኑር።